ራስን ስለ መከላከልና ነፍስ ስለ ማጥፋት

ቤት ማለት ሰው የቀኑን ድካም ጥሎ፤ በሩን ዘግቶ፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በሰላም የሚያድርበት ስፍራ ነው። ስለዚህም ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው በዚህ በሰላም ስፍራው ላይ ክፉ ሰው እንዳይመጣበት ነው። ማታ ማታ ቤተ ሰብ በአንድነት ተቀምጦ ሲጨዋወት ከጎረቤት የሌባ ወሬ የተሰማ እንደ ሆነ፤ ከልጆቹ አንዱ ቀና ብሎ «አባባ፤ ሌባው ወደኛ ቢመጣ ትገድለዋለህን?» ብሎ ይጠይቃል። አባትም በልጆቹ ፊት ፈሪ መስሎ እንዳይታይ «ደፍሮ ይምጣና ያየኛል!» ብሎ ይመልሳል። እናት ግን ዝም ትላለች። እኛም ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው ስለ ልጁ ጥያቄ፤ ስለ አባቱ መልስና ስለ እናቱ ዝምታ ነው።

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ቢመስልም በመልሱ ላይ የሁለት ሰው ሕይወት ተንጠልጥሎበታል፤ ይኸውም የሚሞተው ሰው ሕይወትና ገድሎ ወደ ወኅኒ የሚወርደው ሰው ሕይወት ነው። ከሁለቱም በስተኋላ የሚያለቅሱ እናቶች፤ ያለ አሳዳጊ የሚቀሩ ልጆች አሉ። እንግዲህ ነገሩን በጭንቅ ሰዓት ሳይሆን በደኅናው ቀን፤ ልብ ሳይሸበር፤ መርምሮ ማወቅ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ሁሉ ግዴታ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች በሰው ዘንድ ይነገራሉ። አንዳንዶቹ «ደጄን ጥሶ የገባ ሰው ደሙ ደመ ከልብ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «እጅህን ያነሣህ እንደ ሆነ ወኅኒ ያበሰብስሃል፤ ቢመቱህም ቢገድሉህም ዝም በል» ይላሉ። የፊተኛው አሳብ ሰውን ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል፤ የኋለኛውም ሰላማዊውን ሰው ለክፉ ሰው አሳልፎ ይሰጠዋል። የሕግ መንገድ ግን በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው።

ይህን መንገድ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲፈልገው ኖሯል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 በተጻፈው ሕግ፤ ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ አልነበረበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተገደለ እንደ ሆነ ግን ገዳዩ የደም ዕዳ ነበረበት። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው ብለን ብንመረምር፤ በሌሊት የመጣው ሰው ለስርቆት ይሁን ለመግደል አይታወቅም፤ የሚረዳም ጎረቤት ተኝቷል፤ በቀን ግን የሰውዬው መልክና አሳብ ይታያል፤ ሰውንም ጠርቶ መያዝ ይቻላል። እንግዲህ ከዚያን ዘመን ጀምሮ ሕግ የሚጠይቀው «ሌባ ነበረ ወይስ አልነበረም?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «መግደሉ የግድ ነበረ ወይ?» ብሎ ጭምር ነው።

በአገራችንም በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ስለ ራስ መከላከል የተጻፈ ነበረ። ዛሬ የምንተዳደርበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፤ ይህን ነገር በቁጥር 78 «ሕጋዊ መከላከል» ብሎ ይደነግገዋል። የቃሉም አሳብ በቀላል አነጋገር ሲገለጥ እንዲህ ነው፤ ሰው በራሱ ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ ከሕግ ውጭ የደረሰውን ወይም ሊደርስ የተቃረበውን ጥቃት ለመመለስ ያደረገው ሥራ፤ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማራቅ የማይቻል የሆነ እንደ ሆነና የመከላከሉም ኃይል ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ከፍ ያለ ዋጋ ጋራ የተመዛዘነ የሆነ እንደ ሆነ፤ አያስቀጣውም። ከዚህ ቃል ውስጥ አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ። አራቱንም አንባቢዎቻችን በጣታቸው ቆጥረው እንዲይዙልን እንለምናለን።

ፊተኛው ጥያቄ፤ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ ነውን? የሚል ነው። የፖሊስ ባልደረባ በሕግ ሥልጣኑ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ሊይዝህ ቢመጣ ይህ ጥቃት አይደለም፤ ሕግ ነው። ተበድያለሁ የሚል ሰው ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ አቤት ይላል እንጂ «ራሴን ተከላከልሁ» ብሎ መሣሪያ ሊያነሣበት አይችልም። እንደዚሁም ራሱ ሰውን ለመግደል የተነሣ ሰው፤ ተጠቂው ዱላ አንሥቶ ቢመክትበት «እርሱም መታኝ» ብሎ በዚህ ሕግ ሊጠለል አይገባውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ አደጋው አሁን ነውን? የሚል ነው። ባለፈው ሳምንት «እገድልሃለሁ» ብሎ የዛተ ሰው ዛሬ በገበያ መካከል ጤፉን ሲሸጥ ቢገኝ በዚያች ሰዓት የሚመለስ ጥቃት የለም፤ ለዛቻው መድኃኒቱ ለፖሊስ ማመልከት ነው። ወንድሙን የገደለበትን ሰው ከዓመት በኋላ አድብቶ የገደለ ሰውም ደም መለሰ ይባል ይሆናል እንጂ ራሱን ተከላከለ አይባልም። ሌባውም ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ አደጋው አብሮት ሸሽቷል። በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ የተተኮሰች ጥይት በዳኛ ፊት ብዙ ትናገራለች።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ሌላ መንገድ አልነበረምን? የሚል ነው። በሩን መቀርቀር፤ ኡኡ ብሎ ጎረቤት መጥራት፤ ፖሊስ መጥራት፤ ከመንገዱ ገለል ማለት ይቻል እንደ ነበረ ዳኛው ይጠይቃል። ይህ ማለት ግን ሕግ ሰውን የማይቻለውን ያስገድደዋል ማለት አይደለም። ልጆቹ በውስጥ ተኝተው ሳለ፤ ገጀራ የያዘ ሰው በሩን ሰብሮ ቢገባ፤ አባትዬው ወዴት ይሸሻል? ማንንስ ጥሎ ይሸሻል? ሕግ የሚጠይቀው ያን ጊዜ፤ በዚያ ስፍራ፤ ለዚያ ሰው በእውነት የተከፈተ ሌላ በር ነበረ ወይ ብሎ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፤ መከላከሉ በልክ ነበረን? የሚል ነው። በጥፊ ለመታህ ሰው በጩቤ ብትመልስለት፤ ለስድብ በጥይት ብትመልስ፤ ሚዛኑ ተሰበረ። ነፍስን ሊያጠፋ በሚችል መሣሪያ መመለስ የሚገባው ነፍስን የሚያሠጋ ወይም ከዚያ የማያንስ ብርቱ አደጋ ሲመጣ ነው። መሣሪያውም ብቻ አይደለም የሚመዘነው፤ የአጥቂዎቹ ቁጥር፤ የጉልበታቸው ብርታት፤ ሰዓቱና ስፍራው ሁሉ ይመዘናል። ጎበዝ በባዶ እጁ አንዲትን አሮጊት አንቆ የያዘ እንደ ሆነ፤ መሣሪያ አልያዘምና አደጋው ቀላል ነው የሚል ዳኛ የለም። ወድቆ የተሸነፈውን ሰው ግን ደግሞ ደጋግሞ መምታት መከላከል መሆኑ ቀርቶ ቍጣ ይሆናል።

አሁን ወደ ንብረት ነገር እንምጣ፤ ብዙ ቤት የፈረሰው በዚህ ነውና። ሰው የላቡን ፍሬ፤ አንዲት ላሙን፤ የዓመት ቀለቡን ሲወስዱበት ዝም ይበል አንልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1148፤ ባለ ይዞታ የሆነ ሰው ንብረቱን ሊነጥቀው የመጣውን በኃይል ለመመለስ፤ በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበትንም ወዲያውኑ፤ ነጣቂውን እጅ ከፍንጅ ይዞ ወይም ሲሸሽ ደርሶበት ለማስጣል ፈቅዶለታል። ነገር ግን ያው ሕግ ነገሩ ከሚያስፈልገው ያለፈ ድብደባ እንዳያደርግ ይከለክለዋል። ማስጣል ሌላ፤ መግደል ሌላ ነው። የንብረት ዋጋ ከሰው ነፍስ ዋጋ ጋራ በአንድ ሚዛን አይቀመጥምና። በግን ለማስጣል ሰው የገደለ ሰው በጉን ሊሸጠው ከሚችለው ዋጋ በላይ ለጠበቃ ያወጣል፤ እርሻው ጾም ያድራል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው በእርሱ ላይ ይፈጸማል። ሌባው ግን ንብረቱን አልለቅም ብሎ ባለቤቱን ሊገድል መሣሪያ ያነሣ እንደ ሆነ፤ ነገሩ የንብረት መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ሆኗልና ከላይ በተናገርናቸው በአራቱ ጥያቄዎች ይመዘናል።

ሕጉ «ራሱን ወይም ሌላውን ሰው» ማለቱንም ልብ በሉ። ጎረቤት ሲታረድ በር ዘግቶ መስማት የሚያስመሰግን ጥንቃቄ አይደለም፤ ጥቃት ለደረሰበት ለሌላ ሰው መድረስ ለራስ እንደ መከላከል ሁሉ በሕግ የተጠበቀ ነው። ደግሞም ይህ መብት የወንዶች ብቻ አይደለም። በግድ ክብሯን ሊደፍር የመጣባትን ሰው የምትመልስ ሴት ከብርቱ አደጋ ራሷን ትከላከላለች፤ አጥቂው የማታውቀው ሰው ይሁን የቅርብ ዘመድ ሕጉ አይለይም። በቤቷ ውስጥ ባሏ ሊገድላት የተነሣባት ሚስትም እንዲሁ ናት፤ ጋብቻ ሰውን ለመግደል የሚሰጥ ፈቃድ አይደለምና። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተደበደበች ሴት፤ ባሏ ተኝቶ ሳለ ብትገድለው፤ በዚያች ሰዓት የሚመለስ ጥቃት አልነበረም ተብሎ ልትፈረድ ትችላለች። ስለዚህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ ነገሩ እስከዚያ ሳይደርስ ለፖሊስ፤ ለዘመድ፤ ለታመነ ሰው መናገር ይገባል፤ ሰሚዎችም «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብለን ፊታችንን አንመልስ። ከእኛ ዝምታ በኋላ ለሚፈሰው ደም እኛም በኅሊናችን እንጠየቃለንና።

ምናልባት አንባቢ «ሌሊት ከእንቅልፉ የባነነ ሰው፤ ልቡ እየመታ፤ አራት ጥያቄ ቆጥሮ ይመልሳልን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሕጉም አስቦበታል። በቁጥር 79 እንደ ተጻፈው፤ መከላከል የተፈቀደለት ሰው ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ከልክ ያለፈውም ጥቃቱ ባመጣበት ፍርሃት፤ ድንጋጤ ወይም መረበሽ የሆነ እንደ ሆነ ያለ ቅጣት ሊያሰናብተው ይችላል። ይህ ግን የዳኛው ፈቃድ እንጂ የገዳዩ መብት አይደለም። የቅጣቱንም ደረጃ ማወቅ ደግ ነው፤ ከሕጋዊ መከላከል ወሰን አልፎ የገደለ ሰው በቁጥር 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ ምንም የሚያቀልለት ነገር ሳይኖረው አስቦ የገደለ ሰው በቁጥር 540 ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በከባድ የሰው ግድያ የተፈረደበት ደግሞ በቁጥር 539 የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም የሞት ፍርድ ይጠብቀዋል። እንግዲህ በአንዲት ቅጽበት፤ በአንዲት እጅ መንቀሳቀስ፤ በነጻነትና በዕድሜ ልክ እስራት መካከል ያለው ርቀት ይታለፋል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ስሕተት ነው። አንድ ጎልማሳ ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ አምሽቶ፤ አባቱ እንዳይቈጣው ብሎ በዋናው በር መግባቱን ትቶ በጓሮ አጥር ዘልሎ ቢመጣ፤ አባትም በጨለማ ኮሽታ ሰምቶ «ማነህ?» ሳይል ቢተኩስ፤ ሌባ የገደለ መስሎት መብራት ሲያበራ ምን ያያል? ሕጉ በቁጥር 80 በእውነተኛው ነገር የተሳሳተ ሰው እንደ መሰለው ሆኖ እንዲፈረድለት ያዛል፤ ነገር ግን ተጠንቅቆ ቢሆን ኖሮ ከስሕተቱ ሊድን ይችል የነበረ ሰው ስለ ቸልተኛነቱ ይቀጣል። ዳኛውስ ቢምረው ያ አባት ከእንግዲህ ወዲያ በምን ዓይኑ የልጁን እናት ያያል? «ማነህ?» የምትለው ቃል አንዲት ናት፤ ለመናገርም እስትንፋስ ያህል ጊዜ አትፈጅም፤ የዚያን ቤት ደስታ ግን ትጠብቅ ነበረ።

ክፉው ነገር የደረሰ እንደ ሆነ ከዚያ ወዲያ ምን ይደረጋል? አስቀድሞ፤ አጥቂው ቆስሎ የወደቀ እንደ ሆነ እርዳታ ይጠራለት። አደጋው ካለፈ በኋላ እርሱ በሕይወት ሊቆይ የሚገባው ቁስለኛ ሰው ነው፤ ለሞት የተቃረበውን ሰው መርዳት ሲችል የተወ ሰው፤ ይልቁንም ያቆሰለው እርሱ ራሱ ሲሆን፤ በቁጥር 575 ይቀጣል። ቀጥሎም ለፖሊስ ይነገር። የወደቀውን ዕቃ ማንሣት፤ ደሙን ማጠብ፤ በሟቹ እጅ ያልነበረውን ጩቤ ማስያዝ እውነተኛውን ተከላካይ እንደ ሐሰተኛ ያስመስለዋል። የተያዘ ሰውም በሕገ መንግሥቱ በቁጥር 19 ዝም የማለት መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የተከሰሰም እንደ ሆነ በቁጥር 20 በጠበቃ የመከራከር መብት አለው። ከተናገረም እውነቱን ይናገር፤ ውሸት የቀላቀለበት እውነት ዋጋው እንደ ውሸት ነውና።

ሽማግሌዎችም መጥተው የሟቹን ወገንና የገዳዩን ወገን ቢያስታርቁ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ደም እንዳይቀጥል፤ ልጅ የአባቱን ቂም እንዳይወርስ ያደርጋሉና። ነገር ግን እርቁ የፍርድ ቤቱን ሥራ አያስቀርም፤ የሰው ነፍስ የጠፋበት ነገር የሁለት ወገን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ሁሉ ጉዳይ ነውና ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ ዳኛም ይፈርዳል።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? መሣሪያ ያለው ሰው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንደ ታዘዘው ፈቃድ ይኑረው፤ መሣሪያውንም ሕፃን ከማይደርስበት፤ የሰከረ እንግዳም ከማያገኘው ስፍራ ቈልፎ ያኑረው። ከጠበንጃ አስቀድሞ የጸና በርና መቀርቀሪያ፤ የሚያበራ መብራት፤ የሚጮኽ ውሻ፤ ሲጠራ የሚደርስ ጎረቤት ይኑረው። ከጎረቤቱ ጋራ በድንበር ተጣልቶ የሚኖር ሰው ኡኡ ቢል ማን ይደርስለታል?

ልጆችንም የምናስተምርበት ነገር አለ። አባቶቻችን ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሲደባደቡ በመካከል ገብተው «በሕግ አምላክ!» ባሉ ጊዜ፤ ዱላ ያነሣው እጅ በአየር ላይ ይቆም ነበረ። የሚያስቆመው የተናጋሪው ጉልበት አልነበረም፤ ከሁለቱም በላይ ሕግ አለ የሚለው እምነት ነበረ እንጂ። ይህን ቃል ለልጆቻችን እናውርሳቸው። እናቶችም ልጃቸው ከጠብ ገለል ብሎ የመጣ እንደ ሆነ «ወንድ አይደለህም» ብለው አያሳፍሩት። «ፈሪ ለእናቱ» የተባለውን ተረት ሰዎች ለስድብ ይናገሩታል፤ ወደ እናቱ በሕይወት የሚመለሰው ግን እርሱ ነው፤ አንደኛው ጀግና ወደ መቃብር፤ ሁለተኛው ጀግና ወደ ወኅኒ ሄደዋልና።

ከዚህ በኋላ ልጁ ያን ጥያቄ ደግሞ የጠየቀ እንደ ሆነ፤ አባት እንዲህ ብሎ ቢመልስለት እንወዳለን። «ልጄ፤ አስቀድሜ ማነህ እላለሁ። ቀጥሎ በሩን አጸናለሁ፤ ጎረቤትና ፖሊስ እጠራለሁ። ዕቃ ብቻ ይዞ የሚሸሽ እንደ ሆነ ነፍሱን አልፈልግም። እናንተን ሊገድል የመጣ እንደ ሆነ ግን፤ ሌላም መንገድ ያጣሁ እንደ ሆነ፤ በፊታችሁ እቆማለሁ፤ ሕግም ያን ጊዜ ከእኔ ጋራ ይቆማል።» እናትም ይህን ስትሰማ ዝምታዋን ትታ «እንዲህ ነው እንጂ» ትላለች ብለን እናምናለን።